ውሃው የዋጣት «አ»

እስቲ ቀና በሉና ሻወር ቤታችሁ ውስጥ የተሰቀለውን ነጭ በርሜል እዩት። አዎ፣ ማሞቂያውን። ስንት ዓመቱ ነው? አታውቁም። ሆዱ መቼ ታጠበ? አታውቁም። ከሥሩ ብቅ ያለችው ትንሽ የነሐስ ቫልቭ ለምን ታንጠባጥባለች? እሱንም አታውቁም፤ ምናልባትም «ወለሉን አበላሸችብን» ብላችሁ በጨርቅ ጠፍራችኋታል። ውሃው እስከሞቀላችሁ ድረስ ማሞቂያ የሚባል ነገር ቤታችሁ ውስጥ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሳሙና እንደተቀባችሁ በረዶው ሲወርድባችሁ ነው «የዚያ ሰውዬ ስልክ የት ነበር?» እያላችሁ የምትጯጯኹት።

የምጽፈው ስለዚያ ሰውዬ ነው። ስሙን እንኳ ጠይቃችሁት ስለማታውቁት ሰውዬ።

ሰፈሩ «ጋሽ ለብታ» ይለዋል። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ የመሣሪያ ሳጥን ሲሸከም ኖሮ ቀኝ ትከሻው ያዘነበለ ሰው ነው። የጣቶቹ ጫፎች ተቃጥለው ተቃጥለው ደንዝዘዋል፤ እኔ በጨርቅ የምይዘውን የጋለ ብርጭቆ እሱ በባዶ እጁ ያነሳዋል። አንቱ ሲሉት ይቆጣል። «አንቱ የሚባለው እጁ የማይረጥብ ሰው ነው» ይላል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቤቱ ከሚሰብከው ስብከት ነው። ገና ክዳኑን ሲፈታ ይጀምራል።

«ይሄን ቴርሞስታት ማነው እስከ ጥግ ያዞረው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ። ቶሎ እንዲሞቅ ብዬ።»

«ቶሎ አይሞቅም፣ የኔ እመቤት። ጥግ ብታደርሺው ሩቅ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም። ስድሳ ላይ ተይው። ከዚያ በላይ ላባ ለመንጨት ነው። ገላሽን ልትታጠቢ ነው ወይስ ልትቀቀይ?»

ሰው ይስቃል። እሱ ግን አይስቅም፤ ይቀጥላል። ከመታጠባችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አብሩ፣ ስትገቡ አጥፉ። በዓመት አንዴ አስፈትታችሁ ደለሉን አስጠርጉ። ውስጡ ያለችውን የማግኒዚየም ዘንግ ሳታልቅ አስቀይሩ። ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እሷን ስለሚበላ «ሰማዕቷ» ይላታል። ቫልቯን አትድፈኑ፤ በርሜሉ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ሳሙና ስትቀቡ ውሃውን አጥፉ። አጥፉ፣ አጥፉ፣ አጥፉ። በቀን የሚናገረው ሁሉ ተሰብስቦ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግማሹ «አጥፉ» ነው።

እናንተስ? ጆሮ ዳባ ልበስ። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ይናገራል፣ እናንተ ከሥሩ በስልካችሁ ታወራላችሁ።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። የእሱ ሻወር ቤትና የእኔ ወጥ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ግድግዳው ደግሞ ሐሜት አያስቀርም። ስለዚህ የምነግራችሁ አብዛኛው በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ቀሪውን እሱና እህቱ ነግረውኛል።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ብቻቸውን ኖሩ። ልጅቷ አደገችና ሥጋና ፍራፍሬ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘች። ቀኑን ሙሉ በካፖርትና በጓንት ሆና ሣጥን ስትደረድር ትውልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ትገባለች። ሰላምታ የለም፣ ምሳ የለም፤ ቀጥታ ወደ ሻወር። ሙቁን ውሃ እስከ መጨረሻው ትከፍተውና ከሥሩ ትቆማለች። ሃያ ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። አጥንቷ እስኪሞቅ ድረስ።

አባትየው ደግሞ ከበሩ ውጭ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንዙን ልትጨርሺው ነው?»

«በርዶኛል አባዬ!»

«ሳሙና ስትቀቢ አጥፊው!»

«እያጠፋሁ ነው!»

አታጠፋም። እሱም እንደማታጠፋ ያውቃል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። በየቀኑ የሚደገም የአባትና የልጅ ጨዋታ ነበር።

አንድ ቀን ግን ጨዋታ አልነበረም። ያን ዕለት እኔ ቤት አልነበርኩም። እሱ ሥራ የሄደበት ቤት ባለቤት «አዲሱን ዕቃ አውጥተህ አሮጌ አስገባህብኝ» ብላ በልጆቿ ፊት ሳጥኑንና ኪሱን አስፈትሻው ነበር። ምንም አልተገኘም። ይቅርታ ያለው ግን የለም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ገብቶ አንዲት ብሎን ሳይዝ የወጣ ሰው፣ ኪሱ እንደ ሌባ ኪስ ተገልብጦ ወደ ቤቱ መጣ። ሲገባ ውሃው ይወርዳል። ጠበቀ። ውሃው ይወርዳል። ተነሳና በሩን በጡጫ ደበደበው።

«አጥፊ! አጥፊ ነው የምልሽ!»

ውሃው ወዲያው ቆመ። ልጅቷ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ ሳሙናው እንዳለ ነው። ክፍሏ ገባች። በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ልብሷን በሁለት ፌስታል ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ አልደነገጠም። «አክስቷ ጋ ሄዳ ታኮርፍና ሲበርዳት ትመጣለች» አለኝ። አልመጣችም። ስልኳ አይሠራም፤ አክስቷም ስልክ አታነሳለትም። መጋዘኑ ሄዶ ጠየቀ፤ ሥራ ለቃለች አሉት። ለአንድ ሻወር ሰው እንዲህ ይሆናል? እያለ ሲገረም አራት ወር አለፈ። በመሃሉ የቤቱን ማሞቂያ አብርቶ ተወው። ቀንም አያጠፋውም። ሠላሳ ዓመት «አጥፉ» ያለ ሰው የገዛ ቤቱ ቀይ መብራት በርቶ ይውላል፣ በርቶ ያድራል። «ድንገት ስትመጣ ቀዝቃዛ እንዳይሆንባት» አለኝ፤ አፍሮ መሬት መሬት እያየ።

በአራተኛው ወር አክስትየዋ፣ ታላቅ እህቱ፣ ራሷ መጣች። እታለም ነው የሚላት፤ ቁጣዋ ከእርምጃዋ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት።

«አንተ፣ አንዲት ልጅህን ‹ጥፊ› ብለህ ታባርራለህ?»

«ማን? እኔ?»

«አይ፣ እኔ! በሩን እየደበደብክ ‹ጥፊ! ጥፊ ነው የምልሽ!› ብለሃታል። ራሷ ናት የነገረችኝ። የት እንዳለች እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ አልነግርህምም።»

ሰውዬው የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

«እታለም… አጥፊ ነው ያልኳት። ‹አ›ጥፊ። ውሃውን።»

እህቱም ቁጭ አለች። በቋንቋችን መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። ውሃው የፕላስቲክ መጋረጃውን እየደበደበ፣ በርሜሉ ከላይ እያጉረመረመ፣ በሩ በጡጫ እየተመታ፣ ልጅቷ የሰማችው «አጥፊ»ን አይደለም። የመጀመሪያዋን ፊደል ውሃው ዋጣት። አንዲት «አ» ወደቀችና አንዲት ልጅ ከቤት ወጣች።

እታለም የተባለችውን ይዛ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ተመለሰች።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«‹አሁን ነው የተገኘችው «አ»?› አለችኝ።»

ይሄው ነው። እሱም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የያዘውን ሥራ ያቆማል። የትም ቢሆን፣ መሰላል ላይም ቢሆን። ደንበኞች «ጋሽ ለብታ ዘንድሮ ፈዘዘ» ይላሉ። አልፈዘዘም። በዚያ ሰዓት አንዲት በብርድ የጠቆረች ልጅ አንድ የማያውቀው በር ስትከፍት ያያታል። ውሃው ሞቆ ይጠብቃት ይሆን? ማነው ማሞቂያውን የሚያይላት? የሰው ሁሉ ሙቅ ውሃ በእጁ አለፈ፤ የእሷ ግን በማን እጅ እንዳለ አያውቅም።

አንድ ዓመት ከስድስት ወር እንዲህ ሆነ።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤቴ ስገባ ግድግዳው ረጥቧል። ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቷል። ወጣሁና በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍት ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል፤ በርሜሉ በመጋጠሚያው ተበልቶ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አይያዝም።

«አንተ ሰው፣ ይሄን መቼ ነው ያጠብከው?»

መጥረጊያ አንስቶ ወለሉን ይገፋ ጀመር።

«ሰማዕቷን መቼ ቀየርክ? ሰፈሩን ሁሉ አላስቀምጥ ያልከው ሰውዬ! አንድ ልጅ በክረምት ቴርሞስታት ካዞረ የምትቆጣው ሰውዬ! አሁን የኔን ግድግዳ ማን ሊያደርቀው ነው?»

«ለማጠብ መጥፋት አለበት» አለ። «አጥፍቼ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ፈትቼ፣ መልሼ እስክሞላው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በዚያ ግማሽ ቀን ብትመጣስ?»

እንዲህ ያለ ሰውን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ያልኩትን ብነግራችሁ አሳታሚው አያትመውም። የልጅህን ውሃ ለመጠበቅ ብለህ የልጅህን ውሃ ገደልከው አልኩት። ማሞቂያ ማብራትና ሰው መጥራት አንድ ነው እንዴ? እሷ ሁለት ሰፈር ይሁን ሁለት ከተማ ርቃ፣ ያንተን ቀይ መብራት በምን ዓይኗ ነው የምታየው? አልኩት። ጮህኩበት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ግድግዳው ላይ ካለው ማብሪያ ፊት ሄዶ ቆመ። እጁን ዘረጋ፣ መለሰ። ዘረጋ። ቀጭ። መብራቷ ጠፋች።

በርሜሉን አብረን አወረድነው። ሥራ አልችልም፤ ባልዲ ግን መያዝ እችላለሁ። ሲፈታው ከውስጡ የወጣው ደለል ሁለት ባልዲ ሞላ፤ ነጭ፣ እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት የሚንኮሻኮሽ። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ኖራ ለብሶ እንደ አጥንት ሆኗል። ከሰማዕቷ የቀረችው ቀጭን ሽቦ ብቻ ናት። እሱ ሽቦዋን በመዳፉ ላይ አጋድሞ ብዙ አያት።

«ታውቃለህ፣ ጎረቤት» አለኝ፣ «‹አጥፊ› ነው ያልኳት። እምላለሁ። ግን ያን ቀን ድምፄ ‹ጥፊ› ነበር። ያቺን ሴትዮ፣ ኪሴን ያስፈተሸችኝን፣ ‹ጥፊ ከፊቴ› ማለት አቅቶኝ ይዤው የመጣሁትን ነው ልጄ በር ላይ የደፋሁት። ልጄ አልተሳሳተችም። ቃሉን አይደለም የሰማችው፤ ድምፁን ነው።»

«ይሄን ነግረሃታል?»

«ምኑን?»

«ይሄን አሁን ያልከውን!»

«እኔ የላክሁት ‹አ›ን ነው።»

«‹አ›ህን እዚያው አስቀምጣትና ይሄን ላክ!» አልኩት። የፊደል ክርክር ይዞ ዓመት ከመንፈቅ መቀመጡ አንጀቴን አሳረረኝ። ትክክል መሆን ፈልጎ ነበር። ትክክልም ነበር። ትክክል የሆኑ አባቶች ባዶ ቤት ውስጥ ሞልተዋል።

በዚያው ሳምንት እታለምን ጠርቶ ያለኝን ቃል በቃል ነገራት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣው ሄደች። መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። አዲስ በርሜል ሰቀለ፣ ስድሳ ላይ አደረገው፣ ሊታጠብ ሲል ያበራዋል፣ ሲገባ ያጠፋዋል። ቀይዋ መብራት በጠፋች ቁጥር ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አብሯት ሲጠፋ አያለሁ፤ ምን ላድርገው?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንድ አሮጌ ቴርሞስታት ሲፈትሽ እታለም እያለከለከች ገባች። ስልኳን እንደ ጋለ ድስት በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔ ግድግዳዬን ቀለም እየቀባሁ ነበር።

«ስማ። የተከራየችበት ቤት ያለው ማሞቂያ ያጉረመርማል። ሊፈነዳ ነው የሚመስለው ትላለች። ከሥሩ ያለችው ነገር ታንጠባጥብ ነበር፤ አከራይዋ ውሃ እንዳይባክን ብሎ በጎማ ጠፍሮ አሰራት።»

ጋሽ ለብታ ተነስቶ ቆመ። ቴርሞስታቱ ወደቀ።

«ቫልቯን? አሰራት? ማሞቂያው አሁን በርቷል?»

«በርቷል።»

«ንገሪያት እታለም፣ ቶሎ ንገሪያት…»

«ራስህ ንገራት! እኔ አስተርጓሚ ነኝ? መስመሩ ላይ አለች፤ አትናገርህም፣ ትሰማሃለች።»

ስልኩን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፣ ሰው ወደ ሕፃን አልጋ እንደሚያጎነብስ። ከወዲያ በኩል የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል። ከትንፋሹም ጀርባ፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ የለየው፣ የፈላ በርሜል ጉርምርምታ።

«ከሻወር ቤቱ ራቂ። አትግቢ። ማብሪያው ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ?»

ከወዲያ እንደምንም፣ «ከውጭ።»

ዓመት ከዐሥር ወር ያልሰማው ድምፅ ነው። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎሽ። እሱን ማብሪያ…»

ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እታለምም ታውቃለች፣ እኔም ብሩሼን ይዤ ደርቄያለሁ። ሌላ ቃል ፈለገ። «ዝጊው» ሊል ነው? «ንቀይው» ሊል? በሩቅ ያለው በርሜል ያጉረመርማል። ልጁ ከበርሜሉ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ናት። ቃል የሚመረጥበት ጊዜ አይደለም። እታለም ክንዱን ቆነጠጠችው።

«አ…» አለ። ፊደሏን ብቻዋን አቆማት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቀጭን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ «አጥፊው፣ ልጄ።»

ከወዲያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

«አጠፋሁ፣ አባዬ።»

ማሞቂያውን ማለቷ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቃትም። እኔም አልጠይቅም።

«በቃ፣ አሁን አትንኪው» አላት። «እስኪበርድ ድረስ አትጠጊው። ጎማውን ባለሙያ ይፍታው፤ እሱ ሳይፈታ ማንም እንዳያበራው። ለአከራይሽ እኔ እደውልለታለሁ… ማለቴ፣ እታለም ትደውልለታለች።»

«እሺ።»

«አሁንም ብርድ ውስጥ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ይህ ከሆነ አራት ወር ሆነው። ልጅቷ አልመጣችም። ጎማው በማግስቱ መፈታቱን ሰማን፤ አከራዩን እታለም በስልክ ያለችውን ሁሉ ብጽፈው ደግሞ ሌላ አሳታሚ መፈለግ ይኖርብኛል። ጋሽ ለብታ አሁን በየሳምንቱ በእህቱ በኩል አንድ ጥያቄ ይልካል። ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ነው? መልሱ ይመጣል፦ ስድሳ። ቫልቯ ታንጠባጥባለች? ትንሽ ትንሽ። ሲሞቅ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ሲሞቅ ብቻ። ደህና ናት ማለት ነው። ስለ አንድ ማሞቂያ ሊጠየቅ የሚችለው ሁሉ ሊያልቅበት ነው። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ እርሳስ ይዞ ተቀምጦ አየሁት፤ ያልጠየቀው ነገር ይኖር እንደሆነ እያሰበ ነው። «በርሜሉ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቄያታለሁ እንዴ?» አለኝ። ጠይቀሃታል አልኩት። «እሱስ… ግድግዳው በየት በኩል ነው? ፀሐይ ያገኛል?» አለኝ። ይሄን ጠይቅ አልኩት። በማሞቂያ ሰበብ የልጁን ክፍል፣ መስኮቷን፣ ፀሐይዋን ቀስ በቀስ እየሰበሰበ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዛሬም ሥራውን ያቆማል።

እኔ ተናድጄ ጀምሬ ተናድጄ ልጨርስ ነበር፤ በእናንተ፣ በአከራዩ፣ በእሱ። አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሰው ሻወር ውስጥ ሳለ በር ላይ ቆማችሁ አትናገሩት። ልጃችሁ ትሁን፣ ሚስታችሁ፣ ባላችሁ፣ እናታችሁ፣ የምትሉት ነገር ካለ፣ እባካችሁ፣ ውሃው እስኪቆም ጠብቁ።